ለቤት የሚሆን የስኳት ራክ በአነስተኛ ዋጋ እንዴት እንደሚመረጥ

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ በቤቱ ብረት ማንሳት የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባሩን (ረጅሙን የብረት ዘንግ) እና ፕሌቱን (ጫፎቹ ላይ የሚገባውን ክብ ክብደት) አስቀድሞ ይገዛና ራኩን፣ ማለትም ባሩ የሚሰቀልበትን ማቆሚያ፣ «ቀስ ብሎ ይደርሳል» ብሎ ይተወዋል። ክብደቱ ቀላል እስከሆነ ድረስ ባሩን ከወለል አንስቶ በጭንቅላት ላይ አሻግሮ ትከሻ ላይ ማሳረፍ ስለሚቻል ጉድለቱ አይታወቅም። እግር እየጠነከረ ሲሄድ ግን ክንድ ወደ ላይ ሊያወጣው የማይችለውን ክብደት መሸከም ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ስኳቱ (ባሩን ትከሻ ላይ ይዞ ቁጭ ብድግ ማለቱ) በእግር አቅም መመራቱ ቀርቶ በክንድ አቅም ተወስኖ ይቀራል።

ራክ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ባሩን በደረት ቁመት ላይ ይዞ መጠበቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰውየው ወርዶ መነሣት ሲያቅተው ባሩን መቀበል ነው። ዋጋውን ለማሳነስ ሲባል የሚቀነሰው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሁለተኛው ነው። ጂም ውስጥ ከጀርባ ቆሞ የሚያግዝ ሰው አይጠፋም፤ ቤቱ ውስጥ በሩን ዘግቶ ለብቻው የሚሠራ ሰው ግን ከባሩ ጋር የሚቀረው ብቻውን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው ምክር ሁሉ ገንዘቡን ከሌላው ቆጥቦ የሚወድቀውን ባር በሚቀበለው የራኩ ክንድ ላይ ማዋል ወደሚለው ያመዝናል።

ክፍሉንና ባሩን መለካት

ሙሉው የኦሎምፒክ ባር 220 ሴ.ሜ. ርዝመትና 20 ኪ.ግ. ክብደት ሲኖረው፣ የሴቶቹ 201 ሴ.ሜ. ርዝመትና 15 ኪ.ግ. ክብደት አለው። ፕሌት ለማስገባትና ለማውጣት በየጫፉ 50 ሴ.ሜ. ያህል ክፍት ቦታ ስለሚያስፈልግ፣ ለ220ው ባር ክፍሉ በአንድ አቅጣጫ ቢያንስ 3 ሜትር ከ20 ሊኖረው ይገባል። ክፍሉ 3 በ4 ከሆነ ባሩ በ4 ሜትሩ አቅጣጫ እንዲጋደም አድርገው ራኩን ያቁሙ። 3 በ3 ከሆነ ደግሞ 180 ሴ.ሜ. የሆነውን አጭር ባር መግዛት ይሻላል እንጂ ግድግዳውን እየላጡ መሥራት አያዋጣም።

ባሩን ቆመው ከጭንቅላት በላይ የሚገፉ ከሆነ ከፍታውንም ይለኩ። ክንድዎን ወደ ላይ ዘርግተው ጡጫዎ የሚደርስበትን ቁመት ይያዙና 23 ሴ.ሜ. ይጨምሩበት፤ ትልቁ ፕሌት 45 ሴ.ሜ. ስፋት ስላለው ግማሹ ከባሩ በላይ ይወጣል። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከሆነ የሚወርደው አቧራ ብቻ ነው፤ ቺፕውድ ከሆነ ግን ከአከራይ ጋር ያጣላል።

ቀጥሎ የሚለካው ባሩ ራሱ ነው። በኦሎምፒክ ባር ላይ ፕሌት ከሚገባባቸው ሁለት ወፍራም ጫፎች መካከል ያለው ቀጭን ክፍል 131 ሴ.ሜ. ነው። የራኩ ሁለት ቋሚዎች ከውጭ ወደ ውጭ ከዚህ ማነስ አለባቸው፤ 120 ሴ.ሜ. ጥሩ ልክ ነው። ባሩ አጭር ከሆነ ወይም እዚሁ የተሠራ ከሆነ ይህ ርቀት እንደየአሠራሩ ስለሚለያይ፣ በወረቀት ላይ ከተጻፈ ልክ ይልቅ ባሩን ራሱን ተሸክሞ ወደ ብየዳ ቤቱ መሄድ ይመረጣል።

የትኛው ዓይነት?

ግድግዳ ላይ ተገጥሞ የሚታጠፈው ራክ ለጠባብ ክፍል የተመቸ ቢመስልም፣ በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ፈጽሞ የማይታሰብ ሲሆን ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬትም አያስተማምንም። አራት ቋሚ ያለው ሙሉ ሳጥን ከሁሉም የተሻለ ደኅንነት ይሰጣል፤ ዳሩ ግን ብረቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ቤት በተቀየረ ቁጥርም ተፈትቶ መገጠም አለበት። እርስ በርስ ያልተያያዙት ሁለት ነጠላ ማቆሚያዎች ዋጋቸው ዝቅተኛ ቢሆንም በእኔ አስተያየት ለስኳት ባይገዙ ይመረጣል፤ ደክሞት ባሩን የሚመልስ ሰው አንዱን ጎን ቀድሞ ሲነካው ማቆሚያው ይገፋል፣ ሌላው ጎን ደግሞ የሚያርፍበትን ያጣል። ከውጭ የሚመጡትና ቱቦው በቱቦ ውስጥ እየገባ የሚረዝሙት ቀላል ማቆሚያዎችም እንደዚያው ናቸው። በካርቶናቸው ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር በእርጋታ ለተቀመጠ ክብደት እንጂ ለወደቀ ክብደት አይደለም።

የሚቀረው መካከለኛው ነው። ሁለት ቋሚዎች ከታችና ከኋላ በአግዳሚ ተያይዘው፣ ወደ ፊት የወጡና የሚወድቀውን ባር የሚቀበሉ ሁለት የሴፍቲ ክንዶች ያሉት ራክ ዋጋውም ቦታውም ልከኛ ነው። ይህን ከአዲስ አበባ አስጭኖ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከማስመጣት ይልቅ በርና መስኮት ከሚሠሩ የብየዳ ባለሙያዎች ዘንድ ማሠራት በአብዛኛው ይረክሳል። ያገለገለ ዕቃ ከተገኘም መግዛት ይቻላል፤ ብየዳው ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ አለመኖሩን በእጅ ባትሪ እያበሩ ይመርምሩ።

ብረቱ

ለቋሚው 60 በ60 ሚ.ሜ. የሆነ፣ ውፍረቱ 3 ሚ.ሜ. የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ይበቃል። አንድ ቤርጋ 6 ሜትር ስለሆነ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ከ80 የሆኑ ሁለት ቋሚዎችና 1 ሜትር ከ20 የሆኑ ሁለት እግሮች ከአንዱ ቤርጋ ይወጣሉ። ሁለቱ አግዳሚዎች፣ ሁለቱ ክንዶችና የኋላ ድጋፎቹ ከሁለተኛው ይወጡና ትርፍ ይቀራል። ከሁለት ቤርጋ በላይ የሚጠይቅ ባለሙያ ካለ ምክንያቱን ይጠይቁት።

አስቸጋሪው ነገር 3 ሚ.ሜ. ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ 3 ሚ.ሜ. አለመሆኑ ነው። ጫፉ በመጋዝ ሲቆረጥ የሚቀረው ሸካራ ጠርዝ በዓይን ሲያዩት ብረቱን ወፍራም ስለሚያስመስለው፣ ሜትር ጠርዙ ላይ ማስጠጋት አያስተማምንም። ይልቁንም ቤርጋውን ሚዛን ላይ ያውጡት። 60 በ60 ባለ 3 ሚ.ሜ. ቱቦላሬ በሜትር ከ5 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሙሉው ቤርጋ ከ31 ኪሎ ብዙም አይርቅም፤ ባለ 2 ሚ.ሜ. የሆነው ግን 22 ኪሎ ገደማ ነው። ሻጩ ቢያኮርፍም ሚዛን አይዋሽም።

ቀዳዳዎቹ

ባሩ የሚሰቀልባቸው መስቀያዎችና ክንዶቹ ከፍና ዝቅ እንዲሉ ቋሚዎቹ በየ5 ሴ.ሜ. ይበሳሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሩ፤ ቀዳዳው በትራፓኖ ይበሳ፣ በኤሌክትሮድ አቃጥሎ መብሳት ይቅር። በእሳት የተበሳ ቀዳዳ ክብነቱን ስለሚያጣ ብሎኑ ውስጡ ይወዛወዛል። በተጨማሪም ሁለቱ ቋሚዎች ለየብቻ ተለክተው ሳይሆን ጎን ለጎን ታስረው፣ ምልክቱ በአንድ ማዕዘን መለኪያ በሁለቱም ላይ አንድ ጊዜ መሠመር አለበት። ለእኔ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ቋሚዎች ለየብቻ ስለተለኩ፣ ከታች አንድ የነበረው ልክ እላይ ሲደርስ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ተዛንፎ ነበር፤ ባሩም ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብል ስለነበር ቋሚዎቹ እንደገና ተሠሩ። ለቀዳዳው 16 ሚ.ሜ. ብሎን ይበቃል፤ ራሱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ቁጥር የተቀረጸበትን ይምረጡ።

የሴፍቲ ክንድ

ክንዱ የሚሸከመው ፕሌቱ ላይ የተጻፈውን ክብደት ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። 100 ኪሎ 30 ሴ.ሜ. ያህል ወድቆ ክንዱ ላይ በ3 ሴ.ሜ. ውስጥ ቢቆም፣ በዚያች ቅጽበት የሚያርፈው አማካይ ጫና የክብደቱ 11 እጥፍ፣ ማለትም 1,100 ኪሎ የሚያህል ነው። ለሁለቱ ክንዶች እኩል ቢካፈል እንኳ ለእያንዳንዱ ከ500 ኪሎ በላይ ይደርሰዋል። ከዚህ ሒሳብ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ክንዱ ባሩ ብዙ ሳይወርድ እንዲቀበለው ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። ሁለተኛው፣ ክንዱ ከቋሚው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከራኩ ሁሉ የጠነከረ መሆን አለበት።

መገናኛውን በሚመለከት፣ ብዙ ብየዳ ቤቶች ክንዱን ትንሽ ላሜራ ላይ በይደው በአንድ ብሎን ያንጠለጥሉታል። እንዲህ ያለው አሠራር መስኮት ላይ ይሠራል፤ ባር የሚወድቅበት ክንድ ላይ ግን ጫናው ሁሉ ብሎኑን ለመንቀል ይሠራል። ማሠራት ያለብዎት ቋሚውን በሦስት ጎን የሚያቅፍ፣ ከ8 ሚ.ሜ. ላሜራ የተሠራና ከላይ ወደ ታች ቢያንስ 20 ሴ.ሜ. ርዝመት ያለው ማቀፊያ ነው። ክንዱ ከማቀፊያው ከላይኛው ጫፍ ላይ ይበየዳል፤ የታችኛው ጫፍ ደግሞ ቋሚውን እየተጫነ ጫናውን ያካፍላል። ማቀፊያው ወደ 10 ሴ.ሜ. ቢያጥር ብሎኑን የሚጎትተው ኃይል እጥፍ ይሆናል። ከክንዱ ሥር ሦስት ማዕዘን የሆነ የላሜራ ድጋፍ ይጨመር፤ ጫፉ ላይም ባሩ ተንከባሎ እንዳይወርድ 5 ሴ.ሜ. ከፍ ያለ ቀንድ ይበየድበት።

የክንዱ ርዝመት ከቋሚው ፊት 60 ሴ.ሜ. ይሁን። ባሩን ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሚል ሰው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ 30 ሴ.ሜ. ብቻ የሆነ ክንድ ግን ባሩን የሚቀበለው ሰውየው በድንገት ወደ ፊት ከተደፋ ብቻ ነው። ክንዱ ሲረዝም ራኩ ወደ ፊት እንዳይገለበጥ መሬት ላይ ያለው እግር ከክንዱ ጫፍ አልፎ መውጣት አለበት። 1 ሜትር ከ20 ከሆነው እግር ከቋሚው መካከል 75 ሴ.ሜው ወደ ፊት፣ 45 ሴ.ሜው ወደ ኋላ ቢሆን እግሩ ክንዱን በ12 ሴ.ሜ. ያህል ይቀድመዋል። ክብደቱ የሚያርፈው ከእግሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ስለሚሆን የሚገለብጥ ኃይል አይኖርም። ወለሉ ሊሾ ከሆነ ሥሩ ጣውላ ይነጠፍ።

ቁመቱን ለመለካት የመጥረጊያ እንጨት ትከሻዎ ላይ አድርገው እስከሚችሉት ድረስ ይውረዱና፣ የቤተሰብ ሰው ከወለሉ እስከ እንጨቱ ያለውን በሜትር ይለካልዎ። የክንዱ ላይኛው ገጽ ከዚህ ልክ ከ2 እስከ 7 ሴ.ሜ. ዝቅ ማለት አለበት፤ በየ5 ሴ.ሜ. የተበሳ ቋሚ ሁልጊዜ በዚህ መካከል የሚውል ቀዳዳ አያጣም። ከዚህ ከፍ ካለ በወረዱ ቁጥር ባሩ ክንዱን ይመታል፤ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ባሩ ክንዱን ከማግኘቱ በፊት ወገብ ይታጠፋል።

መስቀያው ቀላል ነው። ከ8 ሚ.ሜ. ላሜራ ይሠራና ባሩን በጉልበት ትንሽ መታጠፍ ብቻ ማውጣት በሚቻልበት ቁመት ላይ ይገጠማል፤ በእግር ጣት መንጠራራት የሚያስፈልግ ከሆነ አንድ ቀዳዳ ዝቅ ያድርጉት። ባሩ እንዳይፋቅ የመኪና ጎማ ቁራጭ ይለጠፍበት፤ በርባሶ ጫማ ከሚሠሩት ዘንድ በርካሽ ይገኛል።

ብየዳው

ባለሙያውን ስለ ጥንካሬው ሲጠይቁት የሚሰሙት መልስ የታወቀ ነው፤ «አብሽር ወንድሜ፣ መኪና ቢወጣበት አይነቃነቅም» ይላል። ደግነቱን ተቀብሎ ሥራውን ማየት ነው። ለ8 ሚ.ሜ. ላሜራ 3.2 ሚ.ሜ. ኤሌክትሮድ ይጠቀም፣ ብየዳውም ነጠብጣብ ሳይሆን ዙሪያውን ያልተቋረጠ ይሁን። ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም ብየዳው ላይ ላዩን ስለሚቀር፣ የክንዱ ማቀፊያ ቀን ላይ መብራቱ ሙሉ ሲሆን እንዲበየድ ይለምኑት። ለውበት ሲባል ብየዳውን በግራይንደር ልጦ በስቱኮ ማስተካከል አያስፈልግም፤ ሸካራ ብየዳ ይታያል፣ የሚታይ ነገር ደግሞ ይመረመራል። በደሴ ጉምና እርጥበት ያልተቀባ ብረት ቶሎ ስለሚዝግ አንቲረስት ቀብቶ የቱቦላሬውን ክፍት ጫፎች መድፈን ያስፈልጋል፤ ኮምቦልቻ ያለ ሰው ለዚህ ብዙም ላይጨነቅ ይችላል።

መፈተን

ራኩ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ባዶ ባር ይዘው ይውረዱና ሆን ብለው መነሣት እንዳቃተው ሰው ባሩን ክንዶቹ ላይ ጥለው ወደ ፊት ይውጡ፤ ሰውነት ይህን ሳይለምድ ከባድ ክብደት መጫን ተገቢ አይደለም። ከዚያ ሊሠሩበት ያሰቡትን ክብደት ጭነው በላዩ የእሱን እኩሌታ ያህል ጨምረው፣ በየጫፉ ሰው ይዞት ክንዶቹ ላይ በቀስታ እንዲወርድ፣ በኋላም ከአንድ ስንዝር ባነሰ ከፍታ ላይ እንዲለቀቅ ያድርጉ። ማቀፊያው ዙሪያ ቀለሙ ተሰንጥቆ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ቀለም የሚሰነጠቀው ከሥሩ ያለው ብረት ሲተጣጠፍ ነው። ብሎኖቹን በሳምንቱ እንደገና ያጥብቋቸው፤ ከሥራቸው ያለው ቀለም እየተጨፈለቀ ሲሳሳ ዳዶው በራሱ ይላላል።