ታክሲ ሰልፍ ላይ ዳዊት መድገም

ጠዋት ሜክሲኮ ወይም አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ለምትቆሙ፦ ትንሿን የኪስ ዳዊት (መዝሙረ ዳዊትን) ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ካሉት የንዋያተ ቅድሳት ሱቆች አትጠፋም። በስልክም ይነበባል፣ ግን ሰልፍ ላይ ስልክ ማውጣት... ታውቁታላችሁ።

ዳዊት ለሳምንቱ ተከፋፍሏል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። እሑድ ከመዝሙሮቹ ቀጥሎ ያሉት ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ናቸው። የዕለቱን መጨረስ ካልቻላችሁ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥር መዝሙር ድገሙ። እሱም ከከበዳችሁ አንዱን ብቻ፣ ግን ረጋ ብላችሁ። ለመጨረስ ብቻ መሮጥ በበኩሌ አይታየኝም።

ምስጋና ለመልመድ የቅዳሜውን 135ኛ መዝሙር ሞክሩ። «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» በየቁጥሩ ስለሚመላለስ መጽሐፉን ከዘጋችሁ በኋላም አፋችሁ ላይ ይቀራል፤ የቢሮ ደረጃ ስትወጡ ራሳችሁን ስትሉት ታገኙታላችሁ። 66 መጻሕፍት ባሉት መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ከፈለጋችሁት 136 ላይ ነው፣ እዚያ የብዙዎቹ መዝሙራት ቁጥር በአንድ ይበልጣል።

ውዳሴ ማርያምም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን ማታ ቤት ስትገቡ አድርሱ።