የዶኖቫንን የድሮ ዘፈኖች እንደ አዲስ ለማዳመጥ

ሥራዬ ቴፕና ራዲዮ መጠገን ነው። መርካቶ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የተጠገነ ቴፕ ለባለቤቱ ከመስጠቴ በፊት የምሞክርበት አንድ ካሴት አለ። ላዩ ላይ በአጎቴ የእጅ ጽሑፍ «ዶኖቫን» ይላል፤ ሌላ ምንም አልተጻፈበትም።

አጎቴ ደሴ ተማሪ ሳለ አንድ የሰላም ጓድ መምህር ነበረው። አሜሪካዊው ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ሸክላ ሰጥቶት ሄደ። ሸክላው ኋላ ተቧጭሮ ከጥቅም ውጪ ሆነ። ደግነቱ ከዚያ በፊት ወደ ካሴት አስገልብጦታል። እኔ ዶኖቫንን ያወቅሁት በዚያ ካሴት ነው፤ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳላውቅ።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ሰዉ ዶኖቫንን የሚያስታውሰው በአበባው፣ በቀለሙና በህንድ ሙዚቃው፣ በአጠቃላይ ሳይኬደሊክ በሚባለው ዘመኑ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ያገኘሁት አንድ ጊታር የያዘውን ልጅ ነው። ከዓመታት በኋላ ታዋቂዎቹን ዘፈኖች ስሰማ ያ ልጅ ከጌጡ ሥር ቁጭ ብሎ ይሰማኝ ነበር። ስለዚህ ምክሬ ይኸው ነው፦ ጌጡን አውልቃችሁ ጀምሩ። ከዚያ አንድ በአንድ መልሱለት።

ሰውየውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ሙሉ ስሙ ዶኖቫን ፊሊፕስ ሊች ነው። በ1946 ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት አንድ እግሩን ጎድቶታል። በ1965 መጀመሪያ ላይ «ሬዲ ስቴዲ ጎ» በሚባል የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርብ ገና 18 ዓመቱ ነበር።

ትክክለኛውን ቅጂ ፈልጉ

እዚህ ላይ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። የራሴን ገንዘብ መያዝ ስጀምር በመጀመሪያ ካደረግኋቸው ነገሮች አንዱ የዶኖቫንን የተመረጡ ዘፈኖች ስብስብ ማስመጣት ነበር። «ካች ዘ ዊንድ» (ነፋስን መያዝ) የሚለውን ከፈትኩት። ዘፈኑ ያው ነው፤ ግን የማውቀው አይደለም። የካሴቱ አጭር ነበር። ሳልጠግበው ነበር የሚያልቀው። ይኼኛው ባንድ ገብቶበት ወደ 5 ደቂቃ ይሄዳል። የልጅነት ትዝታዬ ያታለለኝ መስሎኝ በጣም ከፋኝ።

ትዝታዬ አላታለለኝም። ነገሩ እንዲህ ነው። ዶኖቫን የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች በ1965 ሲያወጣ የአሜሪካ መብታቸው በአንድ ኩባንያ እጅ ነበር። በኋላ ወደ ሌላ ኩባንያ ሄደ። አዲሱ ኩባንያ በ1969 ምርጥ ዘፈኖቹን ሰብስቦ ሲያሳትም የድሮዎቹን ቅጂዎች መጠቀም አልቻለም። ስለዚህ «ካች ዘ ዊንድ» እና «ከለርስ» (ቀለማት) እንደገና ተቀረጹ። ብዙ ሰው ዛሬም የሚሰማው ያንን ሁለተኛ ቅጂ ነው፤ የመጀመሪያው ይመስለዋል።

የመጀመሪያውም ቢሆን ሁለት መልክ አለው። በመጋቢት 1965 በነጠላ ዜማ የወጣው ከበስተኋላው ቫዮሊኖች አሉት፤ ድምፁም ላይ ማስተጋቢያ ተጨምሯል። በዚያው ዓመት በወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ላይ ያለው ግን ቫዮሊን የለውም። ሀርሞኒካ አለው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ «1965» የሚል መኖሩን እዩ። ርዝመቱንም ተመልከቱ፤ ከ3 ደቂቃ ካለፈ ተዉት። በኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ምሽት፦ ጊታርና ድምፅ ብቻ

የአልበሙን «ካች ዘ ዊንድ» ክፈቱ። ሌላ ሥራ አትሥሩ። ስልኩን ገልብጡት። መጀመሪያ ግጥሙን ተዉትና ምቱን ቁጠሩ፤ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት። በሦስት የሚሄድ የዋልትዝ ምት ነው። ዘፈኑን እንደ ሕፃን መኝታ የሚያወዛውዘው ይህ ምት ነው። አንዴ በእግራችሁ ከያዛችሁት ሌላው ሁሉ ይገለጥላችኋል።

ለሁለተኛ ጊዜ ስታጫውቱት ግጥሙን ስሙ። አንድ ሰው የሚወዳትን ሴት አጠገቡ ይፈልጋል፤ ምኞቱ ነፋስን እንደመያዝ እንደሆነም ያውቃል። ያለው ይኸው ነው። የዘፈኑ ጉልበትም ይህ ማነሱ ነው። «ከለርስ» ደግሞ ከዚህም ይቀላል። ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እያለ የሚወዳትን ልጅ ጠጉርና የጠዋቱን ሰማይ ይቆጥርላችኋል።

በዚያ ዘመን ብዙዎች የአሜሪካዊው ዘፋኝ «የቦብ ዲላን ኮፒ ነው» ብለው ሰድበውታል። ሀርሞኒካውና ኮፍያው ለዚህ ምክንያት ሆኗል። እኔ ግን አልቀበለውም። ዲላን ሲዘፍን ይከራከራል። ዶኖቫን አይከራከርም፤ ያባብላል። ሁለቱን አከታትላችሁ ብትሰሙ በጆሯችሁ ትለያላችሁ።

ሁለተኛው ምሽት፦ ጌጡ ሲመጣ

አሁን «ሰንሻይን ሱፐርማን»። አሜሪካ ውስጥ በ1966 ክረምት ወጥቶ አንደኛ ደረጃ የደረሰው ይህ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በውል ክርክር ምክንያት እስከ ታኅሣሥ 1966 ዘገየ። የተቀረጸው ግን በታኅሣሥ 1965 ነው። ስትሰሙት ይህን ቀን አስታውሱ። ከ«ካች ዘ ዊንድ» የሚለየው የወራት ዕድሜ ብቻ ነው! ፕሮዲዩሰሩ ሚኪ ሞስት ነበር፤ አቀናባሪው ጆን ካሜሮን።

እዚህ ላይ የሙያዬን ዘዴ ልስጣችሁ። የዚያን ጊዜ ስቴሪዮ ቅጂዎች ብዙ ጊዜ መሣሪያዎቹን ግራና ቀኝ ለያይተው ነው የሚያስቀምጡት። የቴፓችሁን ባላንስ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዙሩት። በስልክ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለውን ክፈቱ። የግራና የቀኝ ድምፅ ማመጣጠኛ እዚያ ታገኛላችሁ። እግረ መንገዳችሁን «ሞኖ» የሚለው መዘጋቱን አረጋግጡ፤ ክፍት ከሆነ ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ይሆንባችኋል።

እንዲህ ስታደርጉ ቅንብሩ ይፈታል። ሃርፕሲኮርዱን ፈልጉት። ፒያኖ ይመስላል፤ ግን ክሩ በመዶሻ አይመታም፣ እንደ ክራር ይቆነጠራል። ድምፁም ቶሎ ይጠፋል። ቀጥሎ ኤሌክትሪክ ጊታሩን ያዙ። የሚጫወተው ጂሚ ፔጅ ነው፤ ሌድ ዜፕሊን የሚባለውን የሮክ ባንድ ከማቋቋሙ በፊት፣ በስቱዲዮ ቅጥረኛነት እየሠራ ሳለ። በመጨረሻ ባላንሱን ወደ መሀል መልሱ። ጌጡን አንድ በአንድ መለስን ማለት ይኼ ነው።

የዚህን ዘፈን ረጅሙን ቅጂ ምረጡ፤ ወደ 4 ደቂቃ ተኩል የሚሆነውን። ነጠላ ዜማው ተቆርጦ ነው የወጣው። ቅድም የወቀስኩት የ1969 ስብስብ ለዚህኛው ባለውለታ ነው፤ ሙሉው በስቴሪዮ የሚገኘው እሱ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ዘፈን ስለ አደንዛዥ ዕፅ ብቻ አድርጎ ያወራዋል። በርግጥ የዘመኑ ቋንቋ አለበት። ግን ዶኖቫን የዘፈነው ሊንዳ ሎውረንስ ለምትባል ሴት ነው። ያኔ አልሆነላቸውም፤ ተለያዩ። በ1970 ግን ተጋቡ። እሷን በልቡ ይዞ፣ በመጨረሻ የኔ ትሆናለሽ እያለ የሚዘፍን የ19 ዓመት ልጅ አድርጋችሁ ስሙት።

የራሳችሁን እጅ አስገቡበት

«ሲዝን ኦፍ ዘ ዊች» (የጠንቋይዋ ወቅት) ከ1966ቱ «ሰንሻይን ሱፐርማን» አልበም ነው። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ለማዳመጥ ብቻ አትቀመጡ፤ ጊታር ካላችሁ ተጫወቱት፣ ከሌላችሁ ተዋሱ።

ዘፈኑ በአብዛኛው በሁለት ኮርድ ነው የሚሄደው፦ ኤ ሰባት እና ዲ ሰባት። አዝማቹ ላይ ኢ ትጨመራለች። አለቀ። ለሰፈር ልጆች ጊታር ሳሳይ የምጀምረው በዚህ ነው። ቀኝ እጃችሁ ከመታ በኋላ ግራ እጃችሁ ክሩን ላላ አድርጎ ድምፁን ያፍነው። ምቱ ደረቅና አጭር ይሁን። አትቸኩሉ። አንድ ልጅ ሁልጊዜ ያፈጥንብኝ ነበር። መብራቱን አጥፍተን ስንጫወት ያን ቀን ብቻ ረጋ አለ። እናንተም ሞክሩት።

ሁለቱን ኮርድ ለ5 ደቂቃ ስትመላለሱባቸው አንድ ነገር ትረዳላችሁ። ዘፈኑ የትም አይሄድም። ፍርሃቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። መስኮት ላይ ቆሞ ወደ ኋላው እየተገላመጠ የሚያይ ሰው ይመስላል። ግጥሙም የሚያወራው ስለዚሁ መገላመጥ ነው። ከዚያ ዋናውን ቅጂ መልሳችሁ ስትከፍቱ ቤዙ እንዴት እንደሚንጎራደድ ትሰማላችሁ።

«ሜሎ የሎ» ላይ ብዙ አልቆይም። ዝነኛ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ደርሷል። በ1967 የሙዝ ልጣጭ ማጨስ ያሰክራል የሚል ወሬ ሲነዛ ከዚህ ዘፈን ጋር ተያይዞ ነበር። ወሬው ውሸት ነው። የሚያንሾካሽከው የእንግሊዙ ባንድ የቢትልስ አባል ፖል ማካርትኒ ነው የሚባለውም እንዲሁ፤ የሚያንሾካሽከው ዶኖቫን ራሱ ነው። እናንተ ጥሩምባዎቹን ስሙ። ያንን ያቀናበረው ጆን ፖል ጆንስ ነው፤ እሱም ኋላ የሌድ ዜፕሊን ሰው።

«ዜር ኢዝ ኤ ማውንቴን» ላይ ግን ዋሽንቱን እንዳታልፉት። የሚነፋው ጃማይካ ተወልዶ ለንደን የሠራው ሃሮልድ ማክኔር ነው። መጀመሪያ ተራራ አለ፣ ከዚያ ተራራ የለም፣ ከዚያ ደግሞ አለ የሚለው ቃል ከዜን ቡድሂስቶች አባባል የመጣ ነው። ለአዝማችነት ይህን ያህል የሚመች የመነኩሴ ቃል እኔ አላውቅም። በዚህች ትንሽ ዜማ ላይ ኦልማን ብራዘርስ የሚባለው የአሜሪካ ባንድ ከ33 ደቂቃ በላይ ተጫውቶባታል።

የህንዱ ምሽት

«ኸርዲ ገርዲ ማን» የጆሮ ማዳመጫ ይፈልጋል። ኸርዲ ገርዲ የድሮ አውሮፓ መሣሪያ ነው። እጀታውን ስታዞሩት መንኮራኩር ክሩን ያሸዋል። የማሲንቆ ደጋን ሳያቋርጥ ክብ ቢዞር ብላችሁ አስቡት። ዘፈኑ ውስጥ ግን መሣሪያው የለም። ስሙ ብቻ ነው ያለው።

ዶኖቫን ይህን ዘፈን የጻፈው በ1968 መጀመሪያ ላይ ህንድ፣ ሪሺኬሽ ነው። የተመስጦ መምህሩ ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ ዘንድ ከቢትልሶች ጋር አብሮ ነበር። ከቢትልሶቹ አንዱ፣ ጆርጅ ሃሪሰን፣ አንድ ስንኝ ጨምሮለት ነበር፤ ዘፈኑ ለራዲዮ እንዳይረዝም ተብሎ ሸክላው ላይ ሳይገባ ቀረ። ስትሰሙ በዚህ ቅደም ተከተል ተከታተሉ፦ መጀመሪያ ብቻውን የሚያንጎራጉር ድምፅ። ቀጥሎ ጊታር። ቀጥሎ ድምፁ ውሃ ውስጥ እንዳለ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ ከበሮውና ኤሌክትሪክ ጊታሩ እንደ ጎርፍ ይመጡበታል። ጎርፉ ሲመጣ ያን ማንጎራጎር እንዳትረሱት።

ይህ እንዳለቀ ወዲያውኑ የሌላውን ቢትልስ፣ የጆን ሌነንን «ጁልያ» ክፈቱ። እዚያው ሪሺኬሽ ዶኖቫን ለሌነን ክሩን በጣት እየለቀሙ የመጫወት ስልት አስተምሮት ነበር። አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች ያመላልሳል፤ ሌሎቹ ጣቶች በመሀል ቀጫጭኖቹን ይለቅማሉ። «ጁልያ» ውስጥ የምትሰሙት ይህንኑ ነው።

«አትላንቲስ» የመጨረሻው ይሁን። መጀመሪያ ላይ ለረጅም ጊዜ ዘፈን ሳይሆን ንግግር ነው። ሰዎች እዚያ ላይ ይሰለቻሉ፤ ያሳልፉታል። አታሳልፉት። ተረት ሲነገር ዝም ብሎ እንደሚሰማ ልጅ ጠብቁ። አዝማቹ ሲመጣ መጠበቃችሁን ይክሳችኋል።

ወደ መጀመሪያው መመለስ

አንድ ቀን እረፍት አድርጉ። በማግስቱ ያን የተውነውን የ1969 «ካች ዘ ዊንድ» ክፈቱ። አሁን ጊዜው ነው።

እኔ ይህን ያደረግሁት ከአጎቴ ጋር ነው። ከ75 ዓመት አልፎታል፤ አንድ ጆሮው ደክሟል። ባላንሱን በደህናው ጆሮው በኩል አደረግሁለት። መጀመሪያ የራሱን ካሴት አሰማሁት፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ተከተለው። ቀጥሎ ረጅሙን አስገባሁ። ለዓመታት የተቆጣሁበትን። አጎቴ እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማው።

«ይሄ ልጅ አድጓል» አለ።

ከዚያ ካሴቱን እንዳዞርለት በእጁ ምልክት ሰጠኝ።