ኩላሊት ተተክሎላችሁ አሜሪካ ለምትገቡ፦ ታክሮሊመስን በሰዓቱ፣ በዓይነቱ፣ በልኩ

ሕንድ ሄዳችሁ ወይም አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ኩላሊት ተተክሎላችሁ፣ አሁን በዲቪ፣ በቤተሰብ ወይም በጥገኝነት አሜሪካ ለገባችሁ ነው የምጽፈው። ስለ ሶሻል ሴኩሪቲና ስለ መንጃ ፈቃድ የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። ሰውነታችሁ የተተከለውን ኩላሊት እንዳይጥል ስለምትውጡት መድኃኒት፣ ስለ ታክሮሊመስ ግን ዘመዱ ሁሉ «ሐኪም ጠይቅ» ነው የሚለው፤ የንቅለ ተከላ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ለማግኘት ደግሞ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ደህና የነበረ ኩላሊት የሚበላሸው በዚያ መሀል ነው።

ገና ካልተነሳችሁ ቢያንስ የ3 ወር ታክሮሊመስ ያዙ። በእጅ ቦርሳ፣ ከነማሸጊያው፤ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ከሐኪማችሁ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ተቀበሉ፦ ንቅለ ተከላው የተደረገበት ቀን፣ የመድኃኒቱ መጠሪያና መጠን፣ በደም ውስጥ ያለው የታክሮሊመስ ልክ የመጨረሻዎቹ 3 ውጤቶች፣ ክሬአቲኒን (ኩላሊቱ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው የደም ምርመራ)። የሕንዱን «ፓንግራፍ» የሚል ስም ብቻ ይዛችሁ ብትቀርቡ የአሜሪካ ፋርማሲ አያውቀውም። ታክሮሊመስ የሚለው ስም መጻፍ አለበት።

መድኃኒቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። በ1984 ጃፓን ውስጥ በፁኩባ አካባቢ አፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ የወጣ ነው። ቲ ሴል የሚባለው የደም ወታደር ባዕድ አካል ሲያይ ሌሎቹን የሚጠራበት ምልክት አለው፤ ታክሮሊመስ ካልሲኒዩሪን የሚባለውን ኢንዛይም ይይዝና ያ ጥሪ እንዳይወጣ ያደርጋል። ልኩ ጠባብ መሆኑ ነው ችግሩ። ብዙ ማዕከሎች በመጀመሪያዎቹ ወራት በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ8 እስከ 12 ናኖግራም፣ ቆይቶ ከ5 እስከ 8 እንዲሆን ይፈልጋሉ። ሲያንስ ሰውነት ኩላሊቱን ይጥለዋል፤ ሲበዛ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳዋል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ስኳርና ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል።

ስለዚህ ደም የምትሰጡበት ሰዓት ከምንም በላይ ነው። የሚለካው ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ማለትም ካለፈው ከዋጣችሁ 12 ሰዓት ሲሞላ (በቀን አንዴ የሚወሰደው ከሆነ 24)፣ የጠዋቱ ካፕሱል ሳይዋጥ። ካፕሱሉን ቦርሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ፤ ክንዳችሁ ላይ ጥጥ ከተለጠፈ በኋላ ዋጡት። ውጣችሁ ከሄዳችሁ የምታሳዩት ጣሪያውን ነው፤ ሐኪሙ በዝቷል ብሎ ይቀንስላችኋል፣ ኩላሊቱም ሳይጠበቅ ይቀራል። ከዋጣችሁ ሳትደብቁ ተናገሩ፣ ሌላ ቀን ይለካ።

የሰዓት አቆጣጠራችንም ያሳስታል። የላቦራቶሪው ቀጠሮ ጠዋት 8፡00 ሲል በእኛ 2 ሰዓት ነው። «ስምንት ሰዓት» ብሎ የተረጎመ ዘመድ ከሰዓት በኋላ ያመጣችኋል፤ ያኔ ማታ ከዋጣችሁ 18 ሰዓት አልፏል፣ ውጤቱም ወርዶ ይታያል። በታኅሣሥና በጥር የአዲስ አበባና የዋሽንግተን ልዩነት 8 ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት ስትውጡት የነበረው እዚህ እኩለ ሌሊት ላይ ይውላል። በአንድ ቀን አትዝለሉ። ሐኪማችሁን ወይም ፋርማሲስታችሁን ጠይቃችሁ በየቀኑ አንድ ሁለት ሰዓት እያንቀሳቀሳችሁ ወደ አዲሱ ሰዓት አምጡት።

ፋርማሲ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ታክሮሊመስ በቀን ሁለቴ የሚወሰድ አለ፣ በቀን አንዴ የሚወሰድና ቀስ ብሎ የሚለቅ አለ። አስታግራፍ ኤክስ ኤልና ኤንቫርሰስ ኤክስ አር የአንዴዎቹ ናቸው። ሚሊ ግራሙ አንድ ቢሆንም እርስ በርስ አይተካኩም፤ ወደ ኤንቫርሰስ ሲዞር የቀኑ መጠን 20 በመቶ ገደማ ይቀነሳል። ከፋርማሲው ሳትወጡ የወረቀት ከረጢቱን እዚያው መስኮቱ ላይ ክፈቱና ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ስሙ፣ በቀን ስንቴ እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ካፕሱል 0.5 ነው፣ 1 ነው ወይስ 5 ሚሊ ግራም። በ1 ፈንታ 5 ይዞ ቤት የገባ ሰው ሲንቀጠቀጥ ነው የሚያውቀው። አምራቹ ከተቀየረም ቀለሙ ይቀየራል፤ ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም፣ ግን ለክሊኒኩ ንገሩና ከሳምንት በኋላ ልኩ ይታይ።

አሁን እኔ ራሴ የገባሁበት ወጥመድ ስለሆነ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ የቲቢ መከላከያ መድኃኒት ነው።

ለግሪን ካርድ የጤና ምርመራ የደም የቲቢ ምርመራ ይደረግላችኋል። ከእኛ ሀገር የመጣ ሰው ላይ ፖዘቲቭ መውጣቱ ብርቅ አይደለም፤ ድብቅ ቲቢ ይባላል፣ አያስልም፣ አያስተላልፍም። ውጤቱ ለአካባቢው የጤና ቢሮ ይላካል፤ እዚያ ያለችው ነርስ ደግ ናት፣ የምታክመው ግን ቲቢ እንጂ ኩላሊት አይደለም። «አራት ወር ብቻ ነው» ተብሎ ሪፋምፒን ይሰጣችኋል፤ ወይም በሳምንት አንዴ ለ12 ሳምንት የሚወሰደው ከሪፋፔንቲን ጋር የተጣመረው ኪኒን። ሁለቱም የጉበትንና የአንጀትን ኢንዛይሞች ያነቃሉ፤ ሲዋይ ፒ 3ኤ4 የሚባለው ታክሮሊመስን የሚያፈርሰው ነው። በጥቂት ቀን ይጀምራል፣ በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠነክራል። መጠናችሁን አልነካችሁም፣ አንድም ቀን አልዘለላችሁም፣ ደማችሁ ውስጥ ያለው ግን ይሟሽሻል። የሚያምም ነገር የለውም፤ ክሬአቲኒን ከፍ ሲል ነው የሚታወቀው።

ሐኪም የታክሮሊመሱን መጠን ሁለት ሦስት እጥፍ፣ ከዚያም በላይ አሳድጎ ሊይዘው ይሞክር ይሆናል። ያኔ ሁለተኛው ጉድጓድ ሪፋምፒኑ ሲያልቅ ይመጣል። ኢንዛይሙ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ መጠኑ እንዳደገ ከቀረ ልኩ ይተኮሳል፣ ኩላሊቱ በመርዝ ይመታል። መግቢያውም መውጫውም ላይ በየጥቂት ቀኑ ደም መለካት አለበት።

መፍትሔው መድኃኒቱን መፍራት አይደለም፤ የመከላከል አቅማችሁ ዝቅ ስላለ ድብቅ ቲቢ ከማንም በላይ እናንተ ላይ ይነቃል። ለብዙ ንቅለ ተከላ ታካሚ የሚመረጠው አይሶናያዚድ ከቫይታሚን ቢ6 ጋር ለ6 ወይም ለ9 ወር ነው፤ ይረዝማል፣ የጉበት ምርመራም ይጠይቃል፣ ታክሮሊመስን ግን እንደ ሪፋምፒን አያጠፋውም። ነርሷን «የንቅለ ተከላ ክሊኒኬ ሳይስማማ አልጀምርም» በሏት። አትቆጣም፤ ብትቆጣም በሏት። ሁለቱ ቢሮዎች እርስ በርስ ይደዋወላሉ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ስልክ ቁጥሩን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታደርሱት እናንተ ናችሁ።

በተቃራኒው ልኩን ከፍ የሚያደርጉ አሉ። ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው የጨጓራ ባክቴሪያ ሕክምና ውስጥ ያለው ክላሪትሮማይሲን በሁለት ሦስት ቀን ከፍ ያደርገዋል፤ እሱ የሌለበት ጥምረት አለ፣ ጠይቁ። የፈንገሱ ፍሉኮናዞል፣ የደም ግፊቱ ዲልታያዜም፣ ለኮቪድ የሚሰጠው ፓክስሎቪድም እንዲሁ። ግሬፕ ፍሩት ከነጭማቂው ይቅር። ብርቱ ተቅማጥም ልኩን ከፍ ያደርጋል፤ ብዙ ሰው ይቀንሳል ብሎ ያስባል፣ ስለዚህ ሲቆይ ደውላችሁ ተለኩ። የሕመም ማስታገሻውን ኢቡፕሮፌን ከሱፐርማርኬት ገዝቶ መዋጥ ለተተከለ ኩላሊት ክፉ ነው። ከሀገር ቤት የተላከ የሥር መድኃኒት ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አይነግራችሁም፤ ለሌላ ሰው ስጦታም አታድርጉት።

የአፍሪካ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ብዙዎች፣ ከእኛም ውስጥ፣ ሲዋይ ፒ 3ኤ5 የተባለ ተጨማሪ ኢንዛይም ይሠራላቸዋል፤ ለነሱ ከተለመደው 1.5 እስከ 2 እጥፍ መጠን ያስፈልጋል። ጓደኛችሁ በቀን 4 ሚሊ ግራም እየወሰደ እናንተ 10 ብትወስዱ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። መጠን አታወዳድሩ።

ክትባት ላይም ተጠንቀቁ። ለግሪን ካርዱ ከሚጠየቁት ውስጥ የኩፍኝና የጆሮ ደግፍ ጥምሩ እንዲሁም የቫሪሴላው (የችክን ፖክስ) ሕያው ተሕዋስ ያለባቸው ስለሆኑ ለእናንተ አይሰጡም። መርማሪው ሐኪም አይ 693 በተባለው የጤና ምርመራ ቅጽ ላይ ለጤና የማይስማማ ብሎ ይሞላዋል፣ ማመልከቻችሁም በዚህ አይወድቅም። የንቅለ ተከላ ደብዳቤውን ግን መርፌው ከመቅረቡ በፊት አውጡት።

ምግብ ወደ ደም የሚገባውን ታክሮሊመስ ይቀንሳል፤ በቀን ሁለቴ የሚወሰደውን ከምግብ ጋር ከለመዳችሁ ሁልጊዜ ከምግብ ጋር፣ በባዶ ሆድ ከለመዳችሁ ሁልጊዜ በባዶ ሆድ፤ የአንዴዎቹ በባዶ ሆድ ናቸው። ጾም ሲገባ ሰዓቱን ወደ 9 ሰዓት መግፋት አይቻልም፤ ከንስሐ አባታችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ለእናንተ አልቋል። የበሰለ ክትፎም ክትፎ ነው።

የሚቀረው ክፍያው ነው። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ፓርት ቢ በተባለው ክፍሉ፣ ታክሮሊመስን የሚከፍለው በተተከለላችሁ ጊዜ የሆስፒታሉ ክፍል ፓርት ኤ ለነበራችሁ ነው፤ ሕንድ ለተተከለለት አዲስ መጭ ይህ አይሠራም። ያላችሁ መንገድ፣ ብቁ ከሆናችሁ፣ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው)፣ የሥራ ኢንሹራንስ ወይም የሜዲኬር የመድኃኒት ክፍል ፓርት ዲ ነው፤ የክሊኒኩን ሶሻል ወርከር በመጀመሪያው ቀን አግኙ። ካፕሱሉ ለ10 ቀን ሲቀር እዘዙ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያለቀበት ሰው እስከ ሰኞ ሐኪሙን አያገኝም።