የቤት ውስጥ እሬትና ቁልቋል ሲታመም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሰኩለንት የሚባሉት ውሃ ቋጣሪ ተክሎች፣ እሬትም ይሁን ቁልቋል፣ ኢቼቬሪያም ይሁን ጄድ፣ መታመማቸው ቶሎ አይታወቅም። በቅጠላቸው ያጠራቀሙት ውሃ ለሳምንታት ስለሚያቆያቸው ባለቤቱ የሚነቃው ተባዩ ከተደላደለ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደንግጦ በእጁ የገባውን ሁሉ ይረጫል። ከመርጨት በፊት ተክሉን ከሌሎቹ ለይተው በእጅ ባትሪ ይመልከቱት።

በቅጠል ብብት ውስጥ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር

ይህ ሚሊበግ የሚባል ተባይ ነው። በልደታም ሆነ በካዛንቺስ በረንዳዎች ላይ ሰኩለንትን በመጉዳት የሚወዳደረው ያለ አይመስለኝም። ኢቼቬሪያ በተፈጥሮው ቅጠሉን የሚያለብሰው ነጭ ዱቄት አለው፤ እሱ ግን በእኩል የተነሰነሰ ነው። ሚሊበግ በጉብታ በጉብታ ሆኖ ጥግ ይይዛል። ቅጠሉ ቢጣበቅ፣ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ቢታይበት፣ ጉንዳን ቢመላለስበት ጥርጣሬ አይቀርም። ጉንዳኖቹ ተክሉን አይበሉም፤ ሚሊበጉ የሚያፈሰውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልጉ እንደ እረኛ ከጠላቶቹ ይጠብቁታል። ስለዚህ የጉንዳኑ መንገድ ካልተዘጋ ሕክምናው ግማሽ ነው።

ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነክረው እያንዳንዱን ይንኩ። አስቀድመው በአንድ ቅጠል ላይ ይሞክሩት፤ ሥራውም ፀሐይ ከወረደች በኋላ ይሁን። ጥጥ በመሰለው የሚሊበግ ሽፋን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ሊኖሩ ስለሚችሉ በየሳምንቱ ቢያንስ ለአንድ ወር ይደጋግሙት። አረቄ በምትኩ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ለእንግዳ ቢተው ይሻላል። ላርጎም ቅባት ለማስለቀቅ የተሠራ ስለሆነ የቅጠሉን መከላከያ ሰም ይዞት ይሄዳል። በረኪና ጨርሶ አይታሰብም።

ላዩ ንጹሕ፣ ውሃ ቢጠጣም የሚጨማደድ

ከመትከያው ነቅለው ሥሩን ይዩ። ሥሩ ቡናማ፣ ልፍስፍስና የሚሸት ከሆነ ተባይ የለም፤ ውሃ በዝቶበት በስብሷል። ነጭ ዱቄት በሥሩና በመትከያው ግድግዳ ላይ ከታየ ግን የሥር ሚሊበግ ነው። አፈሩን በሙሉ አራግፈው ሥሩን ይጠቡ፣ የተጎዳውን ይቁረጡ፣ ለጥቂት ቀናት በጥላ ያድርቁት። ከዚያ ግማሽ አፈር ግማሽ ሬድአሽ፣ ማለትም ለግንባታ የሚሸጠው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ቀላቅለው ይትከሉ። መትከያውን በፈላ ውሃ ይጠቡት። አሮጌውን አፈር ለጽጌረዳ ይሆናል ብሎ ማስቀመጥ ተባዩን ማዛወር ነው።

ጥቃቅን የገረጡ ነጠብጣቦችና ቀጭን ድር

ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው፤ ደረቅ አየርና የሞቀ የመስኮት መስታወት ይስማማዋል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው በጋ ይጠብቁት። ቅጠሉን በነጭ ወረቀት ላይ ነካ ነካ ያድርጉ፤ የወደቀው ነጥብ ከተንቀሳቀሰ ተይዟል። ስምንት እግር ያለው እንጂ ነፍሳት ስላልሆነ ብዙ ፀረ ነፍሳት አይነካውም፤ እንዲያውም የሚበሉትን ይገድልለታል። የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ በየጥቂት ቀኑ በውሃ ግፊት ማጠብ፣ ካልበቃም የኒም ዘይት በመለያው መጠን አመሻሽ ላይ መርጨት ይረዳል። ለትንኝ የሚነፋው ቆርቆሮ ቅጠል ያቃጥላል። ስሙ ባልተጻፈበት ጠርሙስ ተቀንሶ የሚሸጥ መድኃኒትማ ሰው በሚተኛበት ክፍል አይገባም።

በነገራችን ላይ ከተማችን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ትከብዳለች። ፀሐይ በሚመታው ጎን ብቻ ወጥቶ የማይስፋፋ ቡናማ ጠባሳ ቃጠሎ ነው፤ መድኃኒት አያባክኑበት።

ግንድ ላይ የተለጠፈ ቡናማ ቅርፊት

በጥፍር ሲፋቅ ከተነሳ ስኬል የሚባለው ተባይ ነው። አልኮል በነካው ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይፈተጋል። በበለስ ቁልቋል ላይ ያለው ነጭ ጥጥ ሲጨፈለቅ ደም የመሰለ ቀይ ካወጣ ግን ኮቺኒል ነው። ለቀለም ምርት ተብሎ ትግራይ ገብቶ የገበሬውን በለስ ያወደመው ይኸው ተባይ ነው፤ የተያዘውን ክፍል ቆርጠው ያስወግዱ። እሬትን ግን አይነካም።

ቀሪዎቹ

በአበባው ዘንግ ላይ የተሰበሰበ ክሽክሽ የሚባል ጥቃቅን ተባይ ዘንጉን በመቁረጥ ይወገዳል። በክረምት ከአፈሩ የሚነሱ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች የእርጥበት ምልክት ናቸው፤ አፈሩ እስከ ታች እስኪደርቅ ውሃ ይቁም።

እሬት ላይ ሸካራና ውሉ የጠፋ እብጠት ከበቀለ በዓይን የማትታይ የእሬት ቅንጣት ተባይ ገብታለች። እብጠቱ ውስጥ ስለምትኖር ከላይ የሚረጭ ሳሙናም ዘይትም አይደርስባትም። ከጤነኛው ክፍል ጨምረው ይቁረጡ፣ የተቆረጠውን በፌስታል አስረው ይጣሉ፣ ቢላዋውን በአልኮል ይጥረጉ። እብጠቱ ከመሃል እምቡጡ ላይ ከሆነ ሙሉውን ያስወግዱት፤ እሬት ተፈልጎ የሚጠፋ ተክል አይደለም።