ቀስ ብሎ መሮጥ፦ በባሕር ዳር ስፖርት እንዴት እንደሚጀመር

ስፖርት ልጀምር ብሎ በመጀመሪያው ቀን ባለ በሌለ ኃይሉ የሚሮጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ሳይቆይ ያቆማል። ጣና ዳር ጠዋት ጠዋት ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሁሌም ያሳዝነኛል። አቅም አንሶት አይደለም። በምን ያህል ፍጥነት መጀመር እንዳለበት የነገረው ስለሌለ ነው።

መጀመሪያ ጤና። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ፣ ወይም ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ። ስፖርት ለግፊትም ለስኳርም ይረዳል። የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር እየወሰደ ያቃጥላል። በዚህ ምክንያት የመድኃኒታችሁ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

ጫማው ውድ መሆን የለበትም። እኔ ጥሩ ሰልቫጅ ከርካሽ አዲስ ጫማ ይሻላል ባይ ነኝ። ሶሉን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት፤ ድርቅ ካለ ተዉት። ተረከዙ ባንድ ጎን የተበላም አትግዙ። ስማርት ሰዓትና ልዩ ልብስ ለጊዜው ይቆይ።

ሰዓቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ቢሆን ጥሩ ነው። በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ረፈድ ካለ ሙቀቱ አያስቆምም። ሐይቁ ዳር ባለው የእግር መንገድ ጀምሩ፤ ሜዳ ነው፣ የዛፍ ጥላም አለው። አስፋልት ላይ ከወጣችሁ የግራውን ጠርዝ ያዙ፣ ባጃጁ ከፊት ለፊታችሁ እንዲመጣ። ከኋላ የሚመጣውን ማየት አትችሉም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ፍጥነት። አምስት ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ከዚያ 1 ደቂቃ ሩጡ፣ 2 ደቂቃ ተራመዱ። ይህን ስድስት ሰባት ጊዜ ደጋግሙት። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፤ በመሃል አንድ አንድ ቀን እረፍት ይኑር።

ስትሮጡ መለኪያችሁ ወሬ ነው። አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት መቻል አለባችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ በቃላችሁ የምታውቁትን ጸሎት ድምፅ አውጥታችሁ በሉ። ቃሉ መሃል ላይ ከተቆራረጠ ፈጥናችኋልና ቀንሱ። መዝፈን ከቻላችሁ ደግሞ ትንሽ መጨመር ይቻላል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቆላ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንፋሹ ቶሎ ቢያጥረው አይደንግጥ።

ይህ ፍጥነት በጣም ዝግ ያለ ይመስላል። ሕፃናት ያልፏችኋል። መንገደኛውም «ኧረ ፈጠን በል!» ይላል። አትስሙት። ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይሻሻላሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ትንፋሹ የተስተካከለለት ሰው «አሁንማ ለመድኩት» ብሎ ድንገት ይጨምራል። እግሩ ግን ገና አልደረሰም። ብዙ ጀማሪ ቅልጥሙን የሚያመው ያኔ ነው። ቅልጥሙን ካመማችሁ በሕመሙ ላይ አትሩጡ፤ እስኪተዋችሁ በእግር ጉዞ ቀጥሉ።

ሙሉውን ልምምድ እያወራችሁ መጨረስ ስትችሉ፣ ያንኑ ሁለት ሳምንት ደግማችሁ፣ ወደ 2 ደቂቃ ሩጫና 2 ደቂቃ እርምጃ እለፉ። በ2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለዚህ ይመቻል። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ሰዓት እያያችሁ፣ በሩጫና በእርምጃ ተመላለሱበት።  ቤዛዊት ግን ዳገት ናትና ወራት ይለፉ። መጀመሪያ በእርምጃ ብቻ ውጧት።

ሩጫ የማይመቸው ሰው ይራመድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ፈጠን ያለ እርምጃም ይቆጠራል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ጨምሩበት። ጂም መክፈል ግድ አይደለም። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለትና ፑሽ አፕ ቤት ውስጥ ይሠራሉ። ፑሽ አፕ ከከበዳችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ጀምሩ።

በጾም እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ የጠዋቱን ተዉትና በልታችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ፣ ወደ 11 ሰዓት ውጡ።

አንድ ነገር አደራ። ላብ በላብ ሆኖ ጣናን ማየት ያጓጓል፤ ግን አትግቡበት። ዳር ዳሩን ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ይወጣና ቆዳ በስቶ ይገባል። እግር ነከር ማድረግም ይበቃዋል። ቤት ገብታችሁ ታጠቡ። ከዚህ በፊት ገብታችሁ ከነበረ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ መድኃኒት አለው።