ኮምቦልቻ ያለው ፋይል ደሴ ላይ አልከፈት ሲል

ይህን የምጽፈው የሒሳብ ክፍላቸው ደሴ፣ መጋዘናቸውና ሰርቨራቸው ኮምቦልቻ ለሆኑ ቢሮዎች ነው። በሐረጎ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ በሊኑክስ ኮምፒውተር የሚሠራው ሰው ግን ሰርቨሩ ጠረጴዛው ሥር የተቀመጠ ያህል ይገለገልበታል። አንድ ቀን አልከፈት ሲለው መጀመሪያ የሚያደርገው አጥፍቶ ማብራት ነው። እባካችሁ አትቸኩሉ። ምልክቱን ያየ ሰው ምክንያቱን ግማሽ አገኘው።

ምልክት፦ ፎልደሩ ሲከፈት ስክሪኑ ደርቆ ይቀራል

አንድ የወር መጨረሻ ላይ የሒሳብ ባለሙያዋ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ደመወዝ እየመዘገብኩ ደረቀብኝ፤ ላጥፋው?»

«እንዳትነኪው እህቴ» አልኳት።

ተርሚናል ከፍታ የዲስክ ቦታ የሚያሳየውን የ«ዲኤፍ» ትእዛዝ ብታስገባ እሱም መልስ የለውም፤ ጠቋሚው ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ኮምቦልቻ መብራት ጠፍቶ ነበር።

የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ፎልደር በኔትወርክ የሚጋሩበት ኤንኤፍኤስ ሌላ ካልታዘዘ የሚያያዘው «ሃርድ» በሚባለው መንገድ ነው። ሰርቨሩ ዝም ሲል ስህተት አያወጣም፤ እስኪመለስ ድረስ ጥያቄውን ይደጋግማል። ፎልደሩን የነካ ፕሮግራም ሁሉ አብሮ ይጠብቃል፤ «ዲኤፍ» የቆመውም ለዚህ ነው። የዚያን ቀን መብራቱ መጥቶ ሰርቨሩ ሲነሣ ምዝገባው ከቆመበት ቀጠለ፤ አንድ መስመር አልጎደለም። ብታጠፋው ኖሮ ወደ ሰርቨሩ ያልደረሰው ሁሉ በጠፋ ነበር።

ስለዚህ ከሌላ ተርሚናል ሰርቨሩን ፒንግ አድርጉ፤ «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው። መልስ ከሌለ ጉዳዩ የመብራት፣ የመስመር ወይም የቪፒኤን (ሁለቱን ቢሮዎች በኢንተርኔት ላይ የሚያገናኘው የተጠበቀ መስመር) ነው። መልስ ካለ የኤንኤፍኤስ መግቢያ በር የሆነው ፖርት 2049 ክፍት መሆኑን ፈትሹ፤ ተዘግቶ ከሆነ አገልግሎቱ አልተነሣም ወይም ፋየርዎል (የኔትወርክ ግንኙነት የሚያጣራው ጥበቃ) ከልክሎታል። ሰርቨሩ ዛሬ የማይመለስ መሆኑን ስታረጋግጡ ብቻ «ዩማውንት»ን ከ«ኤል» ምርጫ ጋር ተጠቅማችሁ ፎልደሩን አላቅቁ፤ ያልተጻፈው መረጃ እንደሚጠፋ ግን ለባለቤቱ ንገሩት።

ይህን መድረቅ ለማስቀረት «ሶፍት» የሚለውን ምርጫ የሚመክሩ አሉ። እኔ ለሒሳብ መዝገብ አልቀበለውም። ሶፍት የተወሰነ ጊዜ ሞክሮ ስህተት ይመልሳል፤ ስህተቱን በአግባቡ የማይቀበል ፕሮግራም ደግሞ ግማሹ የተጻፈ ፋይል ትቶላችሁ ይሄዳል። መድረቅ ያበሳጫል፤ የተበላሸ መዝገብ ግን ሰው ያስጠይቃል።

ኮምፒውተሩ ገና ሲነሣ የሚደርቅ ከሆነ ሲነሣ የሚያያዙት በተዘረዘሩበት «ኤፍኤስታብ» በሚባለው ፋይል ውስጥ በዚያ ፎልደር መስመር ላይ «ኖፌይል» የሚለውን ምርጫ ጨምሩ፤ ፎልደሩ ባይያያዝም ኮምፒውተሩ መነሣቱን ይቀጥላል።

ምልክት፦ ፒንግ ይመልሳል፣ መልእክቱ ግን «ሆስት ኢዝ ዳውን» ይላል

ይህ መልእክት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሰርቨሩ አልወደቀም። የዊንዶውስ ፋይሎች የሚጋሩበት ኤስኤምቢ በርካታ ስሪቶች አሉት። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ከስሪት 4.13 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ፣ ካልታዘዘ በስተቀር በኤስኤምቢ ስሪት 1 አይነጋገርም። አሮጌ የኔትወርክ ፋይል ማከማቻ ደግሞ ከስሪት 1 ሌላ አያውቅም። ፎልደሩን ስታያይዙ «ቨርስ» የሚለውን ምርጫ 1.0 ብላችሁ ፋይሎቹን ቅዱና ማከማቻውን አሻሽሉ ወይም ቀይሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተዛመተው በዚሁ ስሪት ቀዳዳ ስለሆነ እንደዚያው መተው አይገባም።

ምልክት፦ ፎልደሩ ይታያል፣ መጻፍ ግን ተከልክሏል

ኤንኤፍኤስ በተለመደው አሠራሩ ሰውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ደሴ ላይ 1001 የተባለው ሠራተኛ ኮምቦልቻ ላይ 1003 ከሆነ ሰርቨሩ እንደ ሌላ ሰው ይቆጥረዋል። በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ «አይዲ» የሚለውን ትእዛዝ አስገብታችሁ አነጻጽሩ፤ ከዚያ ቁጥሩን አንድ አድርጉ። የሩት (የኮምፒውተሩ የበላይ አስተዳዳሪ) ሥልጣን መያዝ አይረዳም፤ ሰርቨሩ ከውጭ የሚመጣን ሩት ሆን ብሎ መብት እንደሌለው ሰው ያየዋል። ፎልደሩን 777 በሚባለው የፈቃድ ቁጥር ለሁሉም መክፈትም መፍትሔ አይደለም፤ የደመወዝ መዝገብ ነው።

ምልክት፦ የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፣ መግቢያው ግን እምቢ ይላል

ሰዓቱን እዩ። ከርቤሮስ በሚባለው የማንነት ማረጋገጫ ሥርዓት የሚገባ ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ጋር ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ይከለከላል፤ ልማዳዊው ገደብ ይህ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓትን 3 ብሎ የሚሞላ ሰው አይጠፋም፤ ኮምፒውተሩ ግን 9 ነው የሚለው፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉና ሰዓቱን ከሰርቨሩ ጋር በኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክል አገልግሎት) አስተካክሉ።

ምልክት፦ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል አልገለበጥ ይላል

«የፋይል ስም ረዝሟል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ያው ፋይል ዊንዶውስ ላይ ምንም አላለም። ዊንዶውስ እስከ 255 ፊደል ይቀበላል። የተለመደው የሊኑክስ ዲስክ ግን የሚቆጥረው 255 ባይት ነው፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደላት ኮድ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ስሙ ሁሉ ፊደል ከሆነ 85 ላይ ያበቃል። የደብዳቤውን ጉዳይ እንዳለ የፋይል ስም ማድረግ በየቢሮው የተለመደ ስለሆነ ይህ በተደጋጋሚ ያጋጥማል። ስሙን አሳጥሩ፤ ዝርዝሩን በፎልደሩ ስም ላይ አድርጉት።