የነዳጅ መስጫ መያዣ ከተገጠመ በኋላ እጀታው አልመለስ ሲል

ከሞተር ብስክሌት የነዳጅ መስጫ እጀታ ጋር ተጣብቆ እጀታውን ባለበት የሚይዘው ርካሹ መያዣ ፍጥነት አይጠብቅም። የሚይዘው እጀታው የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲደክም፣ ቁልቁለት ላይ ሲፈጥን «ተበላሸ» ብሎ መፍታት ከንቱ ድካም ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድማ መያዣው ጨርሶ አይነካም፤ ነዳጁ ተከፍቶ ከተያዘ ሞተሩ በመግታት ፈንታ ይገፋል።

ደጋግሞ የሚመጣው ችግር ይህ ነው፦ መያዣው ተለቆም እጀታው ወደ ቦታው አይመለስም፣ ወይም እየተጎተተ ይመለሳል። ብዙዎች ወዲያው አዲስ ካቦ (እጀታውን ከካርቡራቶሩ የሚያገናኘውን ሽቦ) ይገዛሉ። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን የእጀታው ጫፍ ነው። ላስቲኩ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፣ ወይም የመያዣው ቀለበት ይወፍርና በመሪው ጫፍ ላይ ከታሰረው ክብደት ጋር ይፋተጋል። መያዣው ሲለቀቅ በመካከላቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል። ከሌለ ክብደቱን ፈትቶ በእሱና በመሪው ቧንቧ መካከል ስስ ሮንዴላ ማስገባት ነው። ብሎኑ በዚህ ምክንያት ካጠረ ረዘም ባለ ይተካ፤ በሁለት ጥርስ ብቻ የተያዘ ክብደት መንገድ ላይ ይወድቃል። የረዘመ ላስቲክ በምላጭ ይቆረጣል።

ክፍተቱ ደህና ሆኖ አሁንም ከጎተተ እጀታውን አውጥቶ የመሪውን ብረት በላምባ ማጠብና በደንብ ማድረቅ። ግራሶ አይቀባም! አቧራ ይዞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ላስቲኩ ከውስጡ ካለው የእጀታው ቱቦ ከለቀቀ በማስቲሽ ይለጠፍ፤ ማስቲሹ ወደ ብረቱ ከፈሰሰ ግን ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ካቦው ከዚህ በኋላ ነው። እጀታው ነዳጅ መስጠት ሳይጀምር ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር በባዶ መዞር አለበት። ማርሽ አውጥቶ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡ) እያሠሩ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ማዞር። ድምፁ ከጨመረ ካቦው ተወጥሯል ወይም መንገዱን ስቷል፤ ማስተካከያውን አላልቶ ዳዶውን መልሶ ማጥበቅ። አንድ ክሩ እንኳ የተበጠሰ ካቦ አይጠገንም፣ ይቀየራል።

አነስተኛ ሞተሮች ብዙ ጊዜ ያላቸው አንድ ካቦ ብቻ ነው፤ የሚመልሰው የካርቡራቶሩ ሞላ ነው። ሁለት ካቦ ያለው ላይ እጅ ራሱ ጎትቶ ይዘጋል፣ ባለ አንዱ ላይ ግን ሞላው ካልቻለ የሚዘጋ የለም። ስለዚህ ባለ አንድ ካቦ ሞተር ላይ መያዣ ባይገጠም ይሻላል። ነዳጁ ተከፍቶ ከቀረ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ሞተሩን መሪው ላይ ባለው ማጥፊያ ወዲያው ማጥፋት ነው፤ ቁልፉን እየፈለጉ ጊዜ ማጥፋት አይገባም።

የሚሰነጠቅ የፕላስቲክ መያዣ አይገጠም፤ ስብርባሪው በእጀታውና በክብደቱ መካከል ይሰነቀራል። እጀታው ላይ የሚገጠም የመዳፍ መደገፊያ በጣም ወደ ላይ ከሆነ ፍሬን ሲያዝ መዳፍ ነዳጅ ይሰጣል፤ ዝቅ ይደረግ።

ፍጥነት የሚጠብቀው ባለ ኤሌክትሪክ ዓይነት አልያዝ ካለ የኋላው የፍሬን መብራት ይታይ። አንዳንዱ በመደበኛው አምፖል ክር በኩል ኔጋቲቭ ይፈልጋል፤ በኤልኢዲ ከተቀየረ ያንን አያገኝም። ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ሲጨመር ይሠራል።